ከአፍንጫ ጉልበት

ባዝል ኅዳር ሲሆን፣ ጉም ራይንን ሲውጠው፣
የገመዱ ጀልባ በደወሉ ብቻ ነው የሚታወቀው።
እኔ ያን ሰዓት ከሦስተኛው ፎቅ ላይ ነኝ፣
እንደ ሰው ገላ ከሚሞቅ ሣጥን ፊት የቆምኩኝ፣
ፊቱን ለማላውቀው ሰው ሥጋ ሞግዚት የሆንኩኝ።

ብልቃጡ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ነው፤ አሥራ ሰባት።
ከቅጹ ያነበብኩት፦ ዕድሜ፣ አርባ ስድስት፤
ሙያ፣ ወለል አንጣፊ፤ የተጎዳው፣ ቀኝ ጉልበት።
ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ባዶ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣
የሰው ኩሽና፣ የሰው ባኞ፣ ሸክላን በሸክላ አስታክኮ፣
ልም አጥንቱ አለቀ፤ እንደ አሮጌ ሳሙና ሟሟ፤
አጥንት ከአጥንት ሲፋጭ በገዛ ጆሮው ሰማ።
ጉልበቱን ሸጦ አዳሪ፣ ጉልበቱ ራሱ ሲገሸለጥ፣
ምኑን ይዞ ገበያ ይውጣ? ምን ቀርቶት ደግሞ ይሽጥ?

ልም አጥንት ምስኪን ነው፤ ደም ሥር የለው፣ ነርቭ የለው፤
ቁስሉን የሚያወራለት፣ ጠጋኝ የሚልክለት የለው።
ቆዳ ሲቆረጥ ይሽራል፣ አጥንት ሲሰበር ይገጥማል፤
እሱ ግን አንዴ ከተላጠ እንደተላጠ ይኖራል።

ታዲያ ሐኪሞቹ ምን አሉ? «ጉልበቱን አትለምኑት፤
ከአፍንጫው ግድግዳ ላይ ምስር የሚያህል ቁረጡት።»

አፍንጫ!
የመጀመሪያ ቀን ሳቅኩ። ምን አገናኛቸው?
ማሽተትና መሸከም አይደል ወይ ሥራቸው?
አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤
ለጉልበት ዕንባ አፍንጫ ዋስ መሆኑን ግን ማን ይናገር?

በሁለት ቀን አንዴ ቀዩን ምግባቸውን እቀይራለሁ፤
ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ «እንዴት አደራችሁ?» እላለሁ።
መጀመሪያ ክብ ናቸው፣ ያፈሩ እንግዶች መስለው፤
በአራተኛው ቀን ይዘረጋሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው።
አይመልሱልኝም። አያሸቱም፣ አያስነጥሱም።
ከየት እንደመጡ ረስተዋል፤ ወዴት እንደሚሄዱ አይጠይቁም።

አሥራ አራት ቁጥር ተበክሎ ሞቶብኝ ነበር ባለፈው ክረምት፤
ማንም አልወቀሰኝም። እኔ ግን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁበት።
ይህን የምጽፈው ሁሉም ይድናል ለማለት አይደለም፤
ስፌቱ ያልያዘለት አለ፤ ሕመሙ የተመለሰበትም።

በአራተኛው ሳምንት ሆኑ ነጭ፣ ቴምብር የሚያህል ጨርቅ፤
ዶክተር ቤያት ይዞት ሄደ፤ እኔ ቀረሁ ቅጽ ሳጸድቅ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ በሩ ተንኳኳ። «ሬጉላ፣ እንግዳ አለሽ!»
ጺማም ሰውዬ፣ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ፦
«ሬቶ ካዱፍ እባላለሁ። አሥራ ሰባት ብልሽ ይቀልሽ።»

ያመሰግነኛል ብዬ ፊቴን አሳመርኩ። ትንፍሽ አላለም።
ወለሉን አየ። «ይሄን ማነው የሠራው? ቁልቁለቱ ልክ አይደለም!
ውሃው ወደ ቱቦው ሳይሆን ወደ በሩ ነው የሚሄደው!»
ብሎም፣ አትጩኺ እያልኩ አፌን በእጄ ስይዘው፣

ተንበረከከ።

ቀኝ ጉልበቱን አስቀድሞ።
ሸክላውን በጣቱ አጥንት ኳ አደረገው፣ ኳ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
«ሥሩ ባዶ ነው» አለ። «ሙሌት ጎሎታል፤ ይነሣ።»
እሱ ሸክላውን ያዳምጣል፣ እኛ ጉልበቱን፤
ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ መተንፈስ ረሳ።

ከዚያ ተነሣ። ግድግዳ ሳይዝ።
«ቅዳሜ መጥቼ አስተካክለዋለሁ» አለና ባርኔጣውን አነሣ፤
የአልኮሉ ሽታ ይሁን እንጃ፣
በሩ ጋ ሲደርስ ጮክ ብሎ አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አልኩት።
ለአፍንጫው ይሁን ለጉልበቱ፣
እስካሁን አልለየሁትም።